ባለቤትና ባለአደራ
ኅትመታቸው ስለ ተቋረጠ የጨዋታ ዓለማት

አንድ የኪነጥበብ ሥራ ሞተ የሚባለው መቼ ነው? መጽሐፍ ቢሆን የመጨረሻው ቅጂ ሲጠፋ፣ ተውኔት ቢሆን ቃሉን የሚያስታውስ ተዋናይ ሲያልቅ፣ ዜማ ቢሆን የሚያዜመው አንደበት ሲዘጋ ነው እንል ይሆናል። የማሳተም መብቱን የያዘ ድርጅት ግን ሌላ መልስ አለው። ለእርሱ ሥራው የሚሞተው ከሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ስሙ በተሰረዘበት ቀን ነው። እነዚህ ሁለት መልሶች በየዘርፉ ይጋጫሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ግጭታቸው ግልጽ ሆኖ የሚታይበት አንድ የጥበብ ዘርፍ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

ዘርፉ በአገራችን እምብዛም ያልታወቀ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ያስቆጠረው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ የሚና ጨዋታ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለጉዳዩ ያነሣሣኝ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ የእኅቴ ልጅ ነው። በሻንጣው ውስጥ ጠርዙ በፕላስተር የተጠጋገነ የካርቶን ሳጥን ይዞ መጣ። በላዩ የተጻፈው ስም "ዳርክ ሰን" ይላል፤ "ጨለማ ፀሐይ" ማለት ነው። ሳጥኑ የታተመው በ1991 ሲሆን፣ ልጁ የተወለደው የመጀመሪያው ኅትመት ከተቋረጠ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። "ታዲያ ይህ ያለቀለት ነገር አይደለምን?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አጎቴ፣ እኛ ዘንድ አላለቀም፤ ከመምጣቴ በፊት ባለው ሳምንት እንኳ ተጫውተነዋል" አለኝ። ይህን መልስ እንደ ልጅነት ቆጥሬ ልተወው ነበር። እየቆየሁ ሳስበው ግን የደራሲን፣ የአሳታሚንና የታዳሚን ግንኙነት የሚመለከት ከባድ ጥያቄ ያዘለ ሆኖ አገኘሁት።

ጨዋታው ምንድን ነው?

አራት ወይም አምስት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ሁኔታውንና ተጫዋቾቹ የማይዟቸውን ገጸ ባሕርያት ሁሉ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚሉና ምን እንደሚያደርጉ በቃላቸው ይናገራሉ። ውጤቱ የሚያጠራጥር ድርጊት ሲያጋጥም ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ መውደቅና መነሣቱ በዕጣው ይወሰናል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። ከመድረክ በታች የተቀመጠ ተመልካችም የለም። ተዋናዩ ራሱ ታዳሚ፣ ታዳሚው ራሱ ተባባሪ ደራሲ ነው።

የዘርፉ መነሻ ሆኖ የሚቆጠረው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት፣ ቲ.ኤስ.አር. የተባለ ድርጅት በ1974 ያሳተመው "ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ነው። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ይህ ጨዋታ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት መገንዘብ ለሚከተለው ሐተታ አስፈላጊ ነው። አንደኛው ሕጉ ነው፤ ይኸውም ዳይሱ እንዴት እንደሚጣል፣ ቁስል እንዴት እንደሚቆጠር፣ ችሎታ እንዴት እንደሚለካ የሚደነግገው ነው። ሁለተኛው ዓለሙ ነው፤ ይኸውም ካርታው፣ የነገሥታቱ ታሪክ፣ የሕዝቡ እምነትና ገበያ፣ ረሃቡና ጦርነቱ ነው። ሕጉን ሰዋስው ብንለው ዓለሙ ሥነ ጽሑፉ ነው። ዓለሙ ሆን ተብሎ ሳይጨረስ የሚቀርብ መሆኑ ደግሞ ከልብ ወለድ ይለየዋል። ደራሲው ከተማውን ሠርቶ፣ ንጉሡን በዙፋን አስቀምጦ፣ ሕዝቡን አስቆጥቶ ይሄዳል፤ ንጉሡ ይወድቅ ወይም ይጽና እንደሆነ የሚወስኑት በየቤቱ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ናቸው።

ቲ.ኤስ.አር. እንደዚህ ያሉ ዓለማትን በብዛት አሳትሟል። በ1989 ስፔልጃመር፣ በ1990 ሬቨንሎፍት፣ በ1991 ዳርክ ሰን፣ በ1992 አል-ቃዲም፣ በ1994 ፕሌንስኬፕ፣ በ1995 በርዝራይት ወጡ። ከእነዚህ መካከል ለሐያሲ ዓይን ይበልጥ የሚስበው ዳርክ ሰን በመሆኑ እርሱን በቅርብ እንመልከተው።

የአታስ ምድር

የዳርክ ሰን ዓለም አታስ ይባላል። ዋነኞቹ ደራስያኑ ቲሞቲ ብራውንና ትሮይ ዴኒንግ ናቸው። መልኩን ግን የሠዓሊው ጄራልድ ብሮም ሥዕሎች እንደ ጽሑፉ ሁሉ ቀርጸውታል። አታስ በረሃ ነው። በረሃ ያደረገው ግን ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው እጅ ነው። በዚያ ዓለም አስማት የሚሠራው ከዕፀዋት ሕይወት ኃይል በመምጠጥ ነው። አስማተኛው በልኩ ቢወስድና መሬቱ እስኪያገግም ቢታገሥ ሣሩ ይተርፋል። ሳይቆጥብ ከወሰደ ግን እግሩ የቆመበት መሬት አመድ ሆኖ ይቀራል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሁለተኞቹ አሸንፈዋል። ባሕሩ ደርቆ የደቃቅ አቧራ ባሕር ሆኗል፤ ብረት ከመጥፋቱ የተነሣ የጦር መሣሪያ ከአጥንትና ከድንጋይ፣ ገንዘብ ከሸክላ ይሠራል። በየከተማው ጠንቋይ ነገሥታት ተቀምጠዋል፤ ግንባቸውን የሚገነባላቸው፣ እርሻቸውን የሚያርስላቸው ባሪያ ነው።

ይህ ዓለም በዘመኑ ከነበሩት ጨዋታዎች የሚለየው ክፋትን ከውጭ የመጣ ጭራቅ አድርጎ ያላቀረበ በመሆኑ ነው። እዚህ ክፋት ሥርዓት ነው። ገዢው ኃይል የሚያገኘው ምድሪቱን በማራቆት ነው፤ ምድሪቱ በተራቆተች መጠን ሕዝቡ በገዢው ግንብ ጥላ ሥር ከመጠለል ሌላ አማራጭ ያጣል። ተጫዋቹ ውኃ ለመቅዳት፣ ሰንሰለት ለመስበር፣ አንዲት ዛፍ ለማዳን ሲታገል፣ የሚታገለው ከዚህ ሥርዓት ጋር ነው። ለመዝናኛ ተብሎ በካርቶን ሳጥን ከተሸጠ ሥራ ይህን የመሰለ አጥብቆ የታሰበ ምሳሌ ማግኘት የተለመደ አይደለም።

ይሁንና ሥራው ከመነሻው አንድ ድክመት ነበረበት፤ ድክመቱም ለያዝነው ጥያቄ ቁልፍ ነው። በዚያው በ1991 ትሮይ ዴኒንግ "ዘ ቨርዳንት ፓሴጅ" የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በልብ ወለዱ ውስጥ ባሮችና ተባባሪዎቻቸው የታይር ከተማን ጠንቋይ ንጉሥ ካላክን ይገድሉታል፤ ከተማይቱም ነፃ ትወጣለች። በዚያው ዓመት "ፍሪደም" በሚል ስም ለተጫዋቾች የወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ቀን ያቀርባል። ተጫዋቾቹ ባሮች ሆነው ይሰቃያሉ፤ ወሳኙ ሰዓት ሲደርስ ግን ንጉሡን የሚመቱት የልብ ወለዱ ጀግኖች ናቸው። ተጫዋቹ ከተባባሪ ደራሲነት ወርዶ ተመልካች ሆነ። እስከ 1993 የወጡት ተከታታይ ልብ ወለዶች ሌሎቹን ታላላቅ ድርጊቶች ሁሉ ጠቀለሉ። በ1995 ተሻሽሎ የታተመው ሳጥንም የልብ ወለዶቹን ፍጻሜ የዓለሙ ይፋ ታሪክ አድርጎ አጸደቀው። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ እንዳዘኑ አልደበቁም፤ ትክክልም ነበሩ። ሳይጨረስ የተሰጣቸውን ሥራ ሰጪው ራሱ መልሶ ጨርሶት ነበርና።

መቋረጡና ከተቋረጠ በኋላ

በ1996 ዳርክ ሰን ተቋረጠ። ምክንያቱ የሥራው ጥራት አልነበረም። ቲ.ኤስ.አር. በብዙ ዕዳ ተይዞ ነበር፤ ያሳተማቸው ዓለማት በዝተው አንዱ የሌላውን ገዢ ይሻማ ነበር። ፕሌንስኬፕን የሚወድ ዳርክ ሰንን አይገዛም፤ ሁለቱን የሚወድም የሁለቱን ዋጋ አይችልም። በ1997 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለ ኩባንያ ቲ.ኤስ.አር.ን ገዛ፤ በ1999 ደግሞ ታላቁ የመጫወቻ አምራች ሃስብሮ ዊዛርድስን ገዛ። በግዢው ከተሳተፉት ሰዎች አንዱ የሆነው ራያን ዳንሲ በኋላ እንደ መሰከረው፣ የቀድሞው ድርጅት ከደንበኞቹ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም። ዓለማቱ ከአንዱ ባለሀብት ወደ ሌላው የተላለፉት ከጠረጴዛው፣ ከመጋዘኑና ከዕዳው ጋር በአንድ ዝርዝር ተጽፈው ነው።

አንዳንዶቹ በመካከል ተቆርጠው ቀሩ። የፕሌንስኬፕ ሁኔታ አሳዛኙ ነው። ይህ ዓለም ማዕከሉ ሲጊል የምትባል ከተማ ናት፤ በከተማይቱ የሚፎካከሩት ወገኖች የሚለያዩት በጎሣ ወይም በጥቅም ሳይሆን በፍልስፍና ነው። በ1998 የወጣው "ፋክሽን ዎር" የተባለ መጽሐፍ ወገኖቹን በጦርነት አፋጅቶ፣ ከተማይቱን አመሰቃቅሎ ተጠናቀቀ። ተከታዩ ሳይወጣ ኅትመቱ ቆመ። አንባቢ ይገምት፤ አንድ ተውኔት በሦስተኛው ገቢር መጨረሻ መጋረጃው ወርዶ ለሃያ አምስት ዓመታት ሳይነሣ ቢቀር ማለት ነው።

አፍቃሪዎቹ ምን አደረጉ? አንደኛው ምላሻቸው ኀዘንና ቁጣ ነበር። ስለ ኀዘኑ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁለተኛው ግን ሥራ ነበር። በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ቢሮ ሠራተኞች፣ ያለ ምንም ክፍያ ካርታ ሠሩ፤ የቀረውን የከተሞች መግለጫ ጻፉ፤ በየልብ ወለዱና በየመጽሐፉ የሚጋጨውን ዘመን ቆጥረው አስማሙ። በ2000 የዋናው ጨዋታ ሕግ ሲለወጥ፣ አታስን ለአዲሱ ሕግ ያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። ቀድሞ በ1994 ቲ.ኤስ.አር. ተጫዋቾች ጽሑፎቻቸውን በኮምፒዩተር መረብ እንዳይለዋወጡ ማስጠንቀቂያ በመላኩ፣ የድርጅቱን ስም ሦስት ፊደላት "ዘወትር ይከሳሉ" ብለው ይተረጉሙት እንደነበር ይታወሳል። አዲሱ ባለቤት ከዚህ የተሻለ ዘዴ መረጠ። ለተቋረጡት ዓለማት አንዳንድ የአፍቃሪዎች ቡድኖችን ይፋዊ ጠባቂ ብሎ ሰየመ፤ እንዲጽፉና እንዲያሠራጩ፣ ነገር ግን እንዳይሸጡ ፈቀደ። አንዳንዱንም በኪራይ ሰጠ፤ ሬቨንሎፍት በ2001 ለሌላ አሳታሚ ተሰጥቶ በ2005 ተመልሷል።

ሦስት ወገኖች፣ አንድ መብት

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእነዚህ ዓለማት ዙሪያ ሦስት ወገኖች መኖራቸው ነው። ፈጣሪው አለ፤ ባለመብቱ አለ፤ ጠባቂው አለ። ሕግ የሚያውቀው ግን መካከለኛውን ብቻ ነው።

ፈጣሪውን እንይ። የአታስን ሳጥን የደረሱት ሰዎች የቲ.ኤስ.አር. ተቀጣሪዎች ነበሩ። በአሜሪካ ሕግ በቅጥር የተሠራ ሥራ ደራሲ ተብሎ የሚቆጠረው አሠሪው ነው። የመብቱ ዕድሜ ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ 95 ዓመት በመሆኑ፣ በ1991 የታተመው ሳጥን እስከ 2086 ማብቂያ ድረስ ታስሮ ይቆያል። በ1976 የወጣው የዚያች አገር ሕግ መብቱን አሳልፎ የሰጠ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ እንዲያስመልስ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም በቅጥር የተሠራን ሥራ ከዚህ ነጥሎ አውጥቶታል። ስለዚህ ፈጣሪው ከአፍቃሪው የበለጠ መብት የለውም፤ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ያንኑ መዝጊያ ያንኳኳሉ።

ጠባቂውን ደግሞ እንይ። በ2000 ዊዛርድስ የዋናውን ጨዋታ ሕግ ማንም እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ አወጣ። በዚህም ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች ሥራ አግኝተዋል። ነገር ግን ፈቃዱ የገጸ ባሕርያትን፣ የቦታዎችንና የታሪኮችን ስም ለባለቤቱ አስቀርቷል። ቀድሞውንም ቢሆን የቅጂ መብት ሕግ የጨዋታን አሠራር አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈበትን ቃል ነው። እንግዲህ የተሰጠው ሰዋስው፣ የተከለከለው ሥነ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ማንም ሰው ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ እየጣለ ይጫወት ዘንድ ተፈቀደለት፤ የታይር ከተማ ባሮች ነፃ ከወጡ በኋላ ምን እንደበሉ ጽፎ ለመሸጥ ግን አልተፈቀደለትም።

ባለመብቱ የሰጠውንም ሲፈልግ ሊነሣ ይሞክራል። በሚያዝያ 2009 ዊዛርድስ የቆዩ መጻሕፍቱን ኤሌክትሮኒካዊ ቅጂዎች ሽያጭ ባንድ ጊዜ አቋረጠ፤ መልሶ የጀመረው በ2013 ነው። በጥር 2023 ደግሞ ያንኑ የ2000ውን ክፍት ፈቃድ ሊሽር ያሰበበት ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። ያን ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ ኩባንያው የጠበቀው አልነበረም። በመጠይቁ ከ15,000 የሚበልጡ ሰዎች መልስ ሰጡ፤ ከመቶ 89 ያህሉ የቀድሞው ፈቃድ መሻሩን እንደማይቀበሉ ገለጹ። ጥር 27 ቀን ኩባንያው አሳቡን ተወ፤ የሕጉንም መሠረታዊ ጽሑፍ ማንም እንዳይነጥቀው አድርጎ በሕዝብ ፈቃድ ለቀቀው። ይህ የአፍቃሪዎቹ ትልቅ ድል ነበር። ይሁን እንጂ ያሸነፉት አሁንም ሰዋስውን ነው። ዓለማቱ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አልነበሩም።

የግሎራንታ ምሳሌ

ሁሉም ዓለም እንዲህ አልሆነም። ግሬግ ስታፎርድ በ1966 ግሎራንታ የተባለውን ዓለም በጽሑፍ መፍጠር ጀመረ፤ በ1975 በራሱ ድርጅት በኬኦዚየም የመጀመሪያውን ጨዋታ አወጣበት፤ በ1978 ደግሞ "ሩንኩዌስት" የተባለው የሚና ጨዋታ ተከተለ። የግሎራንታ መሠረት አፈ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ ስለ ዓለም አፈጣጠር የራሱ ትረካ አለው፤ ትረካዎቹ ይጋጫሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው እውነት ናቸው። በ1984 ሩንኩዌስት አቫሎን ሂል ለተባለ አሳታሚ ተላለፈ። በአዲሱ እትም ግሎራንታ ከዋናነት ወርዶ ከአማራጮች አንዱ ሆነ፤ ለዓመታትም አዲስ ነገር ሳይጻፍበት ቆየ።

ያን ጊዜ ዓለሙን ያቆዩት ጥቂት አፍቃሪዎች ናቸው። በብሪታንያ በ1989 የጀመረ፣ እነርሱ ራሳቸው እየጻፉና እያሳተሙ የሚያሠራጩት አንድ መጽሔት እስከ 2002 ዘልቋል። ከዚህ ወገን የተነሡ ሰዎች የቆዩትን ጽሑፎች በፈቃድ ማሳተም ጀመሩ፤ ሙን ዲዛይን የተባለው ድርጅታቸው በ2013 የግሎራንታን መብት ገዛ፤ በ2015 የኬኦዚየምን አመራር ተረከበ። ስታፎርድም በሕይወት ሳለ ከእነርሱ ጋር ተመልሶ ሠርቷል፤ ያረፈው በ2018 ነው። በዚያው ዓመት ሩንኩዌስት ከግሎራንታ ጋር ተዋሕዶ በአዲስ እትም ወጣ።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ከሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ስታፎርድ የጨዋታውን ስም ቢለቅም ዓለሙን አልሸጠም ነበር። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ግሎራንታ ከሌላው እንደሚለይ ዘወትር ያስተምር ነበር። ዓለሙን በእጁ የያዘ፣ ነገር ግን እጁን የከፈተ ደራሲ ነበር። አታስ ግን ከፈጣሪዎቹ እጅ የወጣችው ገና ስትፈጠር ነው፤ የተቀበላት ድርጅት ደግሞ የሚከፍትና የሚዘጋው የሒሳብ መዝገቡን እያየ ነው።

ሁለት ወቀሳዎች

ሐያሲ ለአንድ ወገን ብቻ ጠበቃ መሆን የለበትም። አፍቃሪዎቹ የሚወቀሱበት ነገር አለ። ብዙዎቹ የሚወዱት ዓለም በወጣትነታቸው ዘመን እንደ ነበረ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ፤ የተለወጠች መስመር ሁሉ ክህደት ትመስላቸዋለች። በ2010 ዳርክ ሰን ለአጭር ጊዜ ተመልሶ ሲታተም፣ አዘጋጆቹ የልብ ወለዶቹን ፍጻሜ ትተው ታሪኩን ካላክ ከተገደለበት ማግስት ጀመሩት። ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ የተቀረውን ሥራ ለተጫዋቹ መልሶለታልና። ሆኖም ለዓመታት ዘመን ሲቆጥሩ የኖሩ አንዳንድ ጠባቂዎች ድካማቸው የተሻረ መስሏቸው ተቆጥተዋል። ባለአደራ ዕቃውን ጠብቆ ሲያቆይ ይመሰገናል፤ ባለቤቱም ሆነ ልጆቹ እንዳይነኩት ሲከለክል ግን ሌላ ባለመብት ሆነ ማለት ነው።

መመለስ በራሱ መልካም ነው የሚለውም እምነት መመርመር አለበት። በ2022 ስፔልጃመር ተመለሰ። ሦስት ባለ 64 ገጽ መጻሕፍት ነበሩ፤ ዓለሙን ለማስረዳት የተመደበው ቦታ ከማነሱ የተነሣ ብዙ ተጫዋቾች ቅር ተሰኙ። ይባስ ብሎ በውስጡ የቀረበው ሃዶዚ የተባሉ የዝንጀሮ መልክ ያላቸው ፍጡራን ታሪክ የጥቁር ሕዝቦችን ባርነት በሚያሳፍር መንገድ የሚያስታውስ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ክፍሉን አወጣው። ፕሌንስኬፕም በ2023 ተመልሷል። ዳርክ ሰንን በሚመለከት ግን በዚያው ዓመት አንድ የኩባንያው ኃላፊ ዓለሙ በብዙ መንገድ አስቸጋሪ መሆኑን በይፋ ተናገረ።

ይህን አባባል በቸልታ ማለፍ አይገባም። በአታስ ባርነት በየገጹ አለ፤ ለባርነት ሲባል የሚዳቀሉ ፍጡራን አሉ፤ አንዳንዱ ሥዕል የሴትን ገላ ለሽያጭ ያቀርባል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ባርነትን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ባርነትን በባሪያው ዓይን ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ስፔልጃመር የተሳሳተው ባሮቹን የሌሎች ፍጥረትና የሌሎች ነፃ አውጪዎች ተጠቃሚ አድርጎ በማቅረቡ ነው። ዳርክ ሰን ምርጥ በሆነበት ሰዓት ሰንሰለቱን የሚሰብረው ራሱ የታሰረው ነው። ጉድለት ያለበትን ሥራ በሒስ ማረም ይቻላል፤ መሳቢያ ውስጥ በመቆለፍ ግን አይታረምም። የሚያርመው ቢያገኝ ደግሞ እጅግ የሚጠቅመን ሥራ ይህ ነበር፤ ምድሯን እያራቆተች ስለምትኖር ዓለም ከዚህ ዘመን ይልቅ ለማን ይነገራል?

ስለ ራሴም ጥቂት

ይህን ሁሉ ስጽፍ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሆኖ አልተሰማኝም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ተውኔቴን በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ መብቱን ሁሉ አሳልፌ ለአንድ ድርጅት ፈርሜ ሰጠሁ። ገንዘብ ቸግሮኝ ነበር፤ ውሉንም በደንብ አላነበብኩም። ተውኔቱ ለአንድ ወቅት ታየ፤ ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሁለት ጊዜም "ይታሰብበታል" ተባልኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ አንድ መምህር ተማሪዎቹን አሠልጥኖ ይህንኑ ተውኔት እንዳሳየ ሰማሁና ሄድኩ። ጽሑፉ በእጁ አልነበረም፤ በወጣትነቱ ያየውን በማስታወስና ከአንድ የቀድሞ ተዋናይ በመጠየቅ ነበር ያዘጋጀው። በእኔ ጽሑፍ ባልቴቲቱ በመጨረሻ ቤቷን ዘግታ ትሄዳለች። በእነርሱ ዘንድ ከልጇ ጋር ታርቃ ሠርግ ይደገሳል። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ፍጻሜው ደካማ ነበር፤ ዛሬም ደካማ ነው እላለሁ፤ ለመምህሩም ነግሬዋለሁ። እርሱም "አባባ፣ የእርስዎን ፍጻሜ ይስጡንና በእርሱ እናሳያለን" አለኝ። ለመስጠት መብት እንደሌለኝ ያን ጊዜ ነበር የገባኝ። ተውኔቴን የሚያውቁት እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እኔም እነርሱም በሕግ ፊት ሌቦች ነበርን።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ መልስ ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። በተጫዋቹ የሚፈጸም ሥራ በአሳታሚ ውሳኔ አይሞትም፤ ነገር ግን ይራባል። አዲስ ሠዓሊ አይከፈልበትም፤ አዲስ ደራሲ ኑሮውን ጥሎ አይጽፍበትም፤ ጉድለቱን በአደባባይ የሚያርምለት አያገኝም። ፍቅር ሥራን ለሠላሳ ዓመት ሊያቆይ እንደሚችል አታስ አሳይታለች። የባለመብቱን ሥራ ሁሉ ግን ፍቅር ብቻውን ሊሸከም አይገባውም።

የአፍቃሪው ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ባለቤቱ ይሽጥ፤ ያትርፍ፤ የደራሲው ስም ይከበር። አንድ ሥራ በባለመብቱ እጅ ለተወሰኑ ዓመታት ሳይታተምና ሳይታይ ሲቀር ግን፣ የማሳተምና የማሳየት ፈቃድ በመጀመሪያ ወደ ፈጣሪው፣ ፈጣሪው ከሌለ ወይም ካልፈለገ ለጥቅም ሳይሆን ለመጠበቅ ወደሚሠሩት ሊመለስ ይገባል። በብዙ አገሮች የመጻሕፍት ውል ውስጥ ኅትመቱ ያለቀ መጽሐፍ መብት ለደራሲው የሚመለስበት አንቀጽ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ለተውኔትና ለጨዋታ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳዩ ለእኛም ይደርሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ተቀጣሪ ደራሲ በሥራው ምክንያት የደረሰው ነገር፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። "የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር" የሚለው ሐረግ ለእኛ የተተወ በር ነው። ይህን መጽሔት የሚያነብ ወጣት ደራሲ፣ ሠዓሊ ወይም ተዋናይ ውል ሲቀርብለት ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ መብቱ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ፣ ሥራው ለስንት ዓመት ሳይታይ ቢቀር እንደሚመለስ፣ ትምህርት ቤቶችና የአማተር ቡድኖች ያለ ክፍያ እንዲያሳዩት ይፈቀድ እንደሆነ። ማኅበራችንም ለአባላቱ በሚያዘጋጀው የውል ናሙና ውስጥ እነዚህን ሦስት ነጥቦች ቢያካትት፣ ቢያንስ የሚቀጥለው መምህር ትክክለኛውን ፍጻሜ በእጁ ይዞ ያሳያል፤ ሊለውጠው ቢፈልግም አውቆ ይለውጠዋል።